እኔ ወይስ ባቡሩ?

በዚህ ዓምድ ስንቱን ዓይነት ቅናት አይተናል! በቀድሞ ፍቅረኛ መቅናት አለ፣ በስልክ መቅናት አለ፣ በኳስ መቅናት አለ፣ በባል እናት መቅናትማ የቆየ ነው። በምድር ባቡር የቀናች ሴት ስትጽፍልኝ ግን ይህች የመጀመሪያዬ ናት። ያውም ከየት ሆና? ከደባርቅ! ሐዲድ የሚባል ነገር ደርሶበት ከማያውቅ አገር፣ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ!

እንዴት ሆኖ? ትሉኝ ይሆናል። ደብዳቤዋን አሳጥሬ ላቅርብላችሁ፤ ስሞቹን እንደ ልማዳችን ትተናቸዋል።

«ዕድሜዬ 24 ነው። እጮኛዬ 28 ዓመቱ ሲሆን እዚሁ ደባርቅ ሞባይልና ሬዲዮ ይጠግናል። አይጠጣም፣ ጫት አይቅምም፣ ሴት አያሳድድም። ሰው ሁሉ ‹ታድለሽ!› ይለኛል። ጉዱን የማውቀው እኔ ነኝ። ማታ ሱቁን ይዘጋና ኪራይ ቤቱ ገብቶ እስከ እኩለ ሌሊት ባቡር ይሠራል። አዎ፣ ባቡር! ከሳርዲን ቆርቆሮ፣ ከሽቦ፣ ከሃይላንድ ክዳን፣ ከተበላሸ ዲቪዲ ከሚፈታው ሞተር። እስካሁን 31 ፉርጎ ቆጥሬያለሁ። አልጋው ሥር ፉርጎ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ሐዲድ ነው፣ ግድግዳው ላይ የለገሃር ፎቶ ነው። ባቡሩ መታጠፊያ ላይ ከሐዲዱ ከወጣበትማ እንቅልፍ የለም። እኔ ስሄድ የምቀመጥበት ቦታ አጣለሁ።

ሽማግሌ ይልካል ብዬ ስጠብቅ ሁለት ጊዜ አራዘመው። መጀመሪያ ‹ፋሲካ ይለፍ› አለኝ፣ ቀጥሎ ‹መኸሩ ይግባ› አለኝ። አባቴ ‹ይሄ ልጅ ዕቃ ዕቃውን ጨርሶ መቼ ነው የሚያድገው?› እያለ ይስቅብኛል። ልጅ እያለ ከታላቅ ወንድሙ ጋር የሽቦ መኪና ይሠሩ እንደነበር አንዴ ነግሮኛል። ወንድሙ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ነው የባሰበት። ባለፈው በጣም ተናደድኩና ‹እኔ ወይስ ባቡሩ? ምረጥ!› አልኩት። ዝም አለኝ። ዝምታው ገደለኝ። ምን ይሻለኛል?»

እናላችሁ ነገሩ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ሳነበው ሳቅሁ፣ ሁለተኛ ሳነበው ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ለምን እንደጠፋብኝ በኋላ እመለስበታለሁ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላስቀምጥልሽ እህቴ፦ እጮኛሽ አላበደም።

በዓለም ላይ ይህን ሥራ የሚሠሩ ጎልማሶች እጅግ ብዙ ናቸው። ማኅበር አላቸው፣ መጽሔት አላቸው፣ ዐውደ ርዕይ አላቸው። ያንዱ ሥራ ሲያልቅ ሌላው መጥቶ «ይቺን ፉርጎ በምን ሠራሃት?» ብሎ ይጠይቃል። ሮድ ስቱዋርት የሚባለውን ፀጉረ ጨባራ የሮክ ዘፋኝ ታውቂዋለሽ? በ1940ዎቹ የነበረች የአሜሪካ ከተማን ከነሕንፃዋና ከነባቡሯ ቤቱ ውስጥ በትንሹ ሲሠራ ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ኮንሰርት ሊያቀርብ አገር ለአገር ሲዞር እንኳ ሆቴል ውስጥ ለዚሁ ሥራ የሚሆን ተጨማሪ ክፍል ይይዝ ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው በቆንጆ ሴቶች ወዳጅነቱ የታወቀ መሆኑን ልብ በይልኝ! ባቡሩ ከፍቅር አላገደውም ማለት ነው።

ጀርመን አገር ሃምቡርግ ከተማ ደግሞ ሁለት መንትያ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ አዳራሽ ከፈቱ። በውስጡ ተራራ፣ ወደብ፣ ከተማ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ፉርጎዎች፣ ሁሉም በትንሹ ተሠርቶ ይንቀሳቀሳል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጎብኚ በአንድ ዓመት የገባበት ጊዜ አለ። «ዕቃ ዕቃ» ሲባል የነበረው ነገር ለስንቱ ሰው እንጀራ ሆኗል።

ለኮምፒውተር ወዳጆችም አንድ ነገር ልንገራችሁ። «ሃከር» የሚለው ቃል ዛሬ በምንረዳው የኮምፒውተር ትርጉሙ የተወለደው የት መሰላችሁ? አሜሪካ ውስጥ ኤም.አይ.ቲ. በሚባለው ዝነኛ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ እ.ኤ.አ. በ1946 በተመሠረተ የትንንሽ ባቡሮች ክበብ ውስጥ ነው! ተማሪዎቹ ከሐዲዱ ሥር ያለውን የሽቦና የማብሪያ ማጥፊያ ጣጣ ሲፈቱ አመሹ፣ ከዚያ ወደ ኮምፒውተር ተሻገሩ። ስለዚህ ሞባይል ጠጋኝ የሆነ ልጅ ባቡር መሥራት ቢያምረው ምኑ ይገርማል? ዕቃው ያው ነው፤ ካውያው ያው ነው።

«ፈረንጅስ ይሁን፣ የደባርቅ ልጅ ባቡርን ከየት አመጣው?» የሚል ይኖራል። ኧረ ሰሜንና ባቡር የሚተዋወቁት ቀድሞ ነው! ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. የነገሡት እዚያው ሰሜን ውስጥ፣ ደረስጌ ማርያም ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር እሳቸውን ፍለጋ ሲመጣ ከዙላ የባሕር ዳርቻ አንስቶ ወደ ደጋው ግርጌ ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሐዲድ ዘርግቶ ነበር፤ ጓዙን የሚጭንበት። ዘመቻው ሲያልቅ ሐዲዱም አበቃ።

ቀጥሎ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። 784 ኪሎ ሜትር! በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ልክ 1 ሜትር ነበር። አዲሱና በኤሌክትሪክ የሚሄደው የጅቡቲ መስመር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ስፋቱ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ሆነ። ወደ ጎንደርና ወደ ሰሜን ግን አንዱም አልመጣም። ገጠር ወጣ ስትሉ እንዲያውም «ባቡር» ቢሏችሁ ወፍጮ ሊሆን ይችላል!

ለምን አልመጣም? ሊማሊሞን ያየ አይጠይቅም። ሐዲድ ብረት፣ ጎማውም ብረት ነው፤ ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል። ተራ ባቡር በ100 ሜትር ጉዞ 3 ወይም 4 ሜትር ከፍ ካለ እያቃሰተ ነው። ከምጽዋ አስመራ ያለው መስመር በ118 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከባሕር ወለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ሲወጣ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ፣ ዋሻ ለዋሻ እየገባ ነው። ከደባርቅ በድብ ባሕር አድርጎ ዛሪማ ለመውረድ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል አለ። ጣልያንም በወረራው ዘመን ሊማሊሞ ላይ የቀደደው የመኪና መንገድ እንጂ የባቡር መንገድ አይደለም። እጮኛሽ ያደገው ከዚያ መንገድ አናት ላይ ነው። የሽቦ መኪና የሚሠሩ ልጆች በሞሉበት ሰፈር፣ ኤንትሬና አይሱዙ ሲያቃስቱ እየሰማ ነው ያደገው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

እህቴ ሆይ፣ በደብዳቤሽ ውስጥ 31 ፉርጎ ቆጥረሽ ጽፈሻል፣ ሁለት ቀጠሮ ቆጥረሽ ጽፈሻል። የወንድሙን ነገር ግን በሦስት አጭር ዐረፍተ ነገር አልፈሽዋል። እኔ ሳነበው ሳቄን ያጠፋው ይኸው ነው። ልጅ ሆነው አብረው ሽቦ ያጥፉ ነበር። ታላቅየው መኪና ላይ ሠራ፣ አረፈ። ታናሽየው ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ብቻውን ሽቦ ያጥፋል። ግምቴ ነው፣ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ልጁ ቤቱ ውስጥ ሐዘን የተቀመጠ ይመስለኛል። አገራችን ለሐዘን ድንኳን አላት፣ ዕድር አላት፣ አርባ አላት፣ ሙት ዓመት አላት። ሁሉም ካለፈ በኋላ «በቃ አይዞህ» ይባላል። ወንድ ልጅ ከሆነማ እንባው እንኳ በሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ሐዘኑን የሚያስቀምጥበት ይፈልጋል። አንዱ መጠጥ ቤት ያስቀምጠዋል። ያንቺው ሳርዲን ቆርቆሮ ላይ ነው ያስቀመጠው።

እንግዲህ «እኔ ወይስ ባቡሩ?» ስትይው እሱ የሰማው «እኔ ወይስ ወንድምህ?» የሚል ሊሆን ይችላል። ለዚህ ጥያቄ ማን መልስ አለው? ዝም ቢል እኔ አልፈርድበትም። ዝምታውን «አልወድሽም» ብለሽ ባትተረጉሚው ደስ ይለኛል።

ይህን ስል ግን አንቺን ጥፋተኛ ማድረጌ አይደለም! ሴት ልጅ በደባርቅ ከተማ፣ ሁሉ በሚተዋወቅበት አገር፣ «መቼ ነው?» እየተባለች ሁለት ዓመት መጠበቅ ቀላል አይደለም። ሐዘን የደረሰበት ሰው ፍቅር ይገባዋል፤ ሰውን ያለ ቁርጥ ቀን አስቀምጦ የማስጠበቅ ፈቃድ ግን የለውም። ስለዚህ ምክሬ ለሁለታችሁም ነው።

ለአንቺ እህቴ፦

አንደኛ፣ «ምረጥ» የሚለውን ቃል ከአፍሽ አውጪው። ይልቅ አንድ ማታ ሄደሽ ከፉርጎዎቹ አንዱን አንሺና «ይቺን እንዴት ሠራሃት?» በይው። ከዚያ ቀጥለሽ «ከወንድምህ ጋር መጀመሪያ የሠራችሁት ምን ነበር?» ብለሽ ጠይቂው። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚ። ካለቀሰ ይልቀስ።

ሁለተኛ፣ የሽማግሌውን ነገር ለብቻው አንሺ፤ ከባቡሩ ጋር አታቀላቅዪው። «ባቡርህን ጣል» አትበይው፤ «ሽማግሌ የምትልክበትን ወር ንገረኝ» በይው። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ለሁለተኛው ጥያቄ ያለ በቂ ምክንያት ሦስተኛ ጊዜ ካራዘመ፣ ያኔ ችግሩ ባቡር እንዳልሆነ ታውቂያለሽ፤ ውሳኔሽንም በንጹሕ ልብ ትወስኛለሽ።

ሦስተኛ፣ ልብ ብለሽ እዪው። ይበላል? ይተኛል? ሱቁን በሰዓቱ ይከፍታል? ከጓደኞቹ ጋር ይስቃል? ይህ ሁሉ ካለ መዝናኛ ነው። ከምግብ፣ ከእንቅልፍ፣ ከሰው እየተለየ ከሄደ ግን አባቶችም ይምከሩት፣ ጤና ጣቢያም ይሂድ፤ ያሳፍራል ብላችሁ አትተዉት።

ለአንተ ወንድሜ (ይህን ጋዜጣ እንደምታሳይህ አልጠራጠርም)፦

አንደኛ፣ ፉርጎ መቁጠር አቁምና ልክ ያዝ። የባቡር ሠሪዎቹ ዓለም በልክ ነው የሚኖረው። በጣም የተለመደው ልክ አንድ ለ87 ነው፤ ማለትም እውነተኛው ነገር 87 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። በዚህ ልክ የድሮው የለገሃር ሐዲድ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ተኩል፣ የአዲሱ 16 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል። 12 ሜትር የሆነ አውቶቡስ 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ክፍልህ ጠባብ ከሆነች አንድ ለ160 የሚባል ልክ አለ፤ ሐዲዱ 9 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ግማሽ ቦታ ተረፈ ማለት ነው፤ እሷም መቀመጫ አገኘች!

ሁለተኛ፣ ባቡርህ መታጠፊያ ላይ የሚወድቀው ለምን እንደሆነ ልንገርህ። የእውነተኛ ባቡር ጎማ እንደ ሃይላንድ ክዳን ጠፍጣፋ አይደለም። ከውስጥ በኩል ወፈር፣ ወደ ውጭ ሾጠጥ ያለ ነው፤ ከውስጥ ጠርዙም ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚጠብቅ ከንፈር አለው። ግራና ቀኙ ጎማ በአንድ ዘንግ ላይ ታስረው አብረው ይዞራሉ። መታጠፊያ ላይ ባቡሩ ወደ ውጭ ሲገፋ የውጭኛው ጎማ በወፍራሙ፣ የውስጠኛው በቀጭኑ በኩል ይንከባለላል፤ በዚህም የውጭኛው ረጅሙን መንገድ ሳይጎተት ይጨርሳል። ክዳኑን በሞረድ እንዲህ አድርገህ ቅረጸው። መታጠፊያውንም አታጥብበው፤ በአንድ ለ87 ልክ ከመሐል እስከ ሐዲዱ ከ36 ሳንቲ ሜትር ባያንስ ይመረጣል። እንቅልፍህን እንደምትመልስልኝ ተስፋ አለኝ።

ሦስተኛ፣ ድንበር አብጅለት። በሳምንት ሦስት ማታ፣ እስከ ሦስት ሰዓት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሣጥን። ከሣጥኑ የተረፈው ፉርጎ ለሰፈር ልጆች ይሰጥ።

አራተኛ፣ ይህችን ደግሞ ከልቤ ነው የምመክርህ። ለገሃርን ተዋት ሳልል፣ ለምን ሊማሊሞን አትሠራም? በዓለም ያሉ ባቡር ሠሪዎች ባብዛኛው የሚሠሩት ያደጉበትን አገር ነው። ሙሉውን መሥራት እንደማይቻል ያውቃሉ። አስበው፦ 784ቱ ኪሎ ሜትር በአንድ ለ87 ቢሠራ 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል! ራስ ዳሸን ደግሞ 4,533 ሜትር ነውና 52 ሜትር ከፍታ ያለው ኮረብታ ሊወጣህ ነው፤ የደባርቅን ከተማ ጣሪያ ሁሉ ነቅለህም አትችለው! ስለዚህ እነሱ መርጠው ይቆርጣሉ። አንድ መታጠፊያ፣ አንድ ገደል፣ አንድ ድልድይ፣ ሰው ሲያየው «ይህማ እዚያ ጋ ያለው ነው!» የሚለውን ብቻ ይይዛሉ። አንተም ሊማሊሞ ላይ ሁለት ጥምዝምዝ፣ ከገደሉ ጫፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ከታች የድብ ባሕርን ቤቶች ሥራ። ሲያሰኝህ በጎን ሐዲድ ዘርጋበት፤ መንግሥት ያላመጣውን ባቡር አንተ አምጣው፤ ማን ይከለክልሃል? መንገዱ ላይ ደግሞ አንድ ጭነት መኪና አስቀምጥ። በጋቢናዋ ረዳት ይኑርባት። ማን እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ።

አምስተኛ፣ ብቻህን አትሥራ። ይህ ሥራ በዓለም ሁሉ የሚያምረው በክበብ ነው፤ አንዱ ሽቦ ያውቃል፣ አንዱ እንጨት፣ አንዱ ቀለም። በደባርቅም በዳባትም የሽቦ መኪና የሚሠሩ ልጆች አታጣም፤ ቅዳሜ ከሰዓት አምስቱን ሰብስብና አስተምር። ደባርቅ ደግሞ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት፤ ፓርኩም ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። እንግዳ ሲመጣ በእጅ የተሠራች ትንሽ አይሱዙ ወይም ዋልያ የጫነች ፉርጎ የሚገዛ አይጠፋም። ሀብታም ትሆናለህ አልልህም። ግን ለሙሽሪት ቀለበት የሚሆን ሣጥን ሊሞላ ይችላል፤ ያኔ አባቷም መሳቃቸውን ይተዉ ይሆናል።

ለቀራችሁት ወጣት አንባቢዎቼም አንድ ቃል አለኝ። በከተማችን «ምን ትሠራለህ?» ሲባል እንጀራችንን እንጂ የምንወደውን አንናገርም። ፋራ እንዳንባል ሽቦውን፣ ሥዕሉን፣ እርግቡን እንደብቃለን። የጓደኛችሁን አልጋ ሥር ስታዩ ከመሳቃችሁ በፊት ጠይቁ። አንዳንዱ ሰው በአፉ መናገር ያቃተውን በእጁ እየተናገረ ነው።

እህቴ፣ የሆነውን ጻፊልኝ። ሽማግሌው ከተላከ ደግሞ ለሠርጉ የሚሆን ስጦታ አዘጋጅቻለሁ፤ አንድ ደርዘን ባዶ የሳርዲን ቆርቆሮ!

እስከ ሳምንት ቸር ያሰንብተን።